ቬጋስ ስትመጡ የት ትበላላችሁ? ኪስ ሳይራቆት ጥሩ ምግብ የማግኛ መንገድ፣ ደረጃ በደረጃ

«ቬጋስ ልንመጣ ነው፤ የት እንብላ?» የሚል ስልክ ሳይደወልልኝ የሚያልፍ ወር የለም። ከዲሲ ይደወላል፣ ከዳላስ ይደወላል፣ ለስብሰባ ከአዲስ አበባ የሚመጣም አለ። ለእያንዳንዱ ከመጀመሪያው ከምጀምር አንድ ጊዜ ጽፌ ላስቀምጠው። ጥሩ ዋጋ ስል የግድ ርካሽ ማለቴ አይደለም፤ የከፈላችሁትን የሚያህል ምግብ ማለቴ ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር ያዙልኝ። ስትሪፕ የሚባለው፣ ትልልቆቹ ካዚኖዎች የተደረደሩበት መንገድ፣ ርዝመቱ 6.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከሚበላው ሰው አብዛኛው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ አውሮፕላን ይሳፈራል። ምግቡ ባይጥመውም ቤቱ ብዙም የሚያጣው ነገር የለም፤ በማግስቱ ሌላ እንግዳ ይመጣል። ከስትሪፑ ወጣ ስትሉ ያሉት ቤቶች ግን የሚኖሩት በከተማው ሠራተኛ ነው፦ ካዚኖ ውስጥ ካርታ በምታድለው፣ የሆቴል ክፍል በምታጸዳው፣ ታክሲ በሚነዳው። እነዚህን ካስቀየመ ቤቱ ይዘጋል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ የሚያገለግሉት ነገ የሚመለስ ደንበኛ የሚበላበትን ቤት ለማግኘት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ካርታ ያለበት ስልክ፣ ባትሪው የሞላ። በካዚኖ ውስጥ ኔትወርክ ሊደክም ስለሚችል የከተማውን ካርታ ቀድማችሁ አውርዱት።
- ፓስፖርት ወይም የአሜሪካ መታወቂያ። በደረጃ 6 ላይ ያስፈልጋል።
- የሚመች ጫማ። ከፍ ባለ ተረከዝ ስትሪፕን ልትጨርሱት አትችሉም።
- ጥቂት ጥሬ ገንዘብ በትንንሽ ኖት። ከስትሪፕ ውጭ ካርድ የማይቀበል ትንሽ ቤት ሊያጋጥማችሁ ይችላል።
- ውሃ። ከሆቴሉ ሱቅ ሳይሆን ከፋርማሲ ወይም ከሱፐርማርኬት የተገዛ። ስትሪፕ ላይ ሲቪኤስና ዎልግሪንስ የሚባሉ ፋርማሲዎች አሉ፤ በሆቴሉ የአንድ ጠርሙስ ዋጋ እዚያ ብዙ ይገዛል።
- የአውቶብሱ መተግበሪያ፣ ራይድ አርቲሲ።

ደረጃ 1፦ የሜኑውን ዋጋ በ1.3 አባዙ

ሜኑ ላይ የምታዩት ቁጥር የምትከፍሉት ቁጥር አይደለም። በላስ ቬጋስ የሽያጭ ታክስ 8.375 በመቶ ነው፣ ዋጋው ላይ ግን አይጻፍም። አስተናጋጅ ባለበት ቤት ደግሞ ከ18 እስከ 20 በመቶ ቲፕ ይጠበቅባችኋል። 30 ዶላር የተባለ ሳህን ታክሱ 2.51፣ ቲፑ 6 ሲጨመርበት 38.51 ይሆናል።

በዚህም ላያበቃ ይችላል። ስትሪፕ ላይ አንዳንድ ቤቶች «ኮንሴሽን ፊ» ወይም «ሲኤንኤፍ» የሚል ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆን ክፍያ ይጨምራሉ። ታክስ ይመስላል፣ ግን መንግሥት የጣለው አይደለም፤ ቤቱ ራሱ የሚያስከፍለው ነው። የሚጻፈው ከሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደላት ነው። እሱ ሲጨመር የ30 ዶላሩ ሳህን 40 ዶላር ገባ ማለት ነው።

ይህን ስሌት መጀመሪያ ላይ ያስቀመጥኩት ሁለት ቤቶችን ስታወዳድሩ እንዳትሳሳቱ ነው። ባንኮኒ ላይ አዛችሁ ራሳችሁ የምታነሱት የ18 ዶላር ምግብና አስተናጋጅ የሚያመጣው የ18 ዶላር ምግብ አንድ ዋጋ አይደሉም።

ደረጃ 2፦ የመጣችሁበትን ቀን እወቁ

በፈረንጆቹ ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ሲኢኤስ የሚባለው ትልቅ የቴክኖሎጂ ትርኢት አለ። በኖቬምበር ከ2023 ጀምሮ የፎርሙላ ዋን ውድድር በራሱ በስትሪፕ ላይ ይካሄዳል። በዲሴምበር ትልቁ የሮዲዮ፣ ማለትም የካውቦዮች ውድድር፣ ፍጻሜ ይመጣል። በእነዚህ ሳምንታት ጠረጴዛ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ወይም ምግባችሁን ከስትሪፕ ውጭ አድርጉ። በውድድሩ ሰሞን መንገድ ስለሚዘጋ በአሥር ደቂቃ የሚደረስበት ቦታ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ከሆቴላችሁ በየትኛው በኩል እንደምትወጡ ቀድማችሁ እዩ።

ከቀኑ ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ውድ ከሚባሉት ቤቶች አንዳንዶቹ ምሳ ላይ ከዚያው ማድቤት በቅናሽ ሜኑ ያቀርባሉ። ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ (በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከ3 እስከ 6) ብዙ ቤቶች «ሀፒ አወር» አላቸው። የመጠጥ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ትንንሽ ሳህኖችም ይቀንሳሉ። ቤቱ ባዶ በሆነበት ሰዓት ወንበሩን ለመሙላት የሚያደርገው ስለሆነ ባር ጋ ተቀመጡ ሊሏችሁ ይችላሉ፤ ጠረጴዛ ላይ ላይሠራ ስለሚችል ከመቀመጣችሁ በፊት ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ካርታውን በአውራ ጎዳናው ክፈሉት

አይ-15 የሚባለው አውራ ጎዳና ከስትሪፕ ጎን ለጎን፣ በስተ ምዕራብ ይሄዳል። ካርታችሁ ላይ አግኙት። እሱን ተሻግራችሁ ወደ ምዕራብ ስትሄዱ ዋጋው ይለወጣል።

*ስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ።* ቻይናታውን የሚባለው ይህ ነው፣ ግን ቻይና ብቻ እንዳትጠብቁ። የኮሪያ ጥብስ፣ የቬትናም ፎ፣ የጃፓን ራመን፣ የታይ ምግብ፣ ሁሉም በአንድ ረጅም መንገድ ግራና ቀኝ ባሉ የሱቅ ግቢዎች ውስጥ ተጠጋግተው ይገኛሉ። የመጀመሪያው የገበያ ግቢ፣ ቻይናታውን ፕላዛ፣ የተከፈተው በ1995 ነው፤ አሁን መንገዱ ኪሎ ሜትሮች ያህል በምግብ ቤት ተሞልቷል። ከውጭ ሲታዩ አብዛኞቹ ምንም አይመስሉም። በዚህ አትሸወዱ፤ እዚህ ሰፈር የግንባሩ ማማር ስለ ምግቡ ምንም አይነግራችሁም። የካዚኖ ሠራተኞች ሌሊት ከሥራ ወጥተው የሚበሉት እዚህ ስለሆነ ከእኩለ ሌሊት በኋላም ክፍት የሆኑ ቤቶች ታገኛላችሁ። ከእኔ አንድ ምክር ብቻ ከወሰዳችሁ ይህን መንገድ ውሰዱ።

*የኛ ሰፈር።* በፍላሚንጎና በዲኬተር መንገዶች አካባቢ፣ ከዚያም በየአቅጣጫው ተበትነው፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ገበያዎች አሉ። «ቬጋስ ድረስ መጥቼ እንጀራ ልብላ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። በሦስተኛው ቀን እሱው ራሱ ደውሎ አድራሻ ይጠይቀኛል። በዋጋ ካያችሁት ደግሞ አንድ በያይነቱ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ስትሪፕ ላይ በዚያ ዋጋ አንድ ሰው ቁርስ ይበላል።

*ዳውንታውን።* ከስትሪፕ በስተ ሰሜን ያለው ፍሪሞንት ጎዳናና ከእሱ በእግር የሚደረሰው የሜይን ጎዳና አካባቢ ነው። ፍሪሞንት እሱም የቱሪስት ቦታ ነው፤ ቢሆንም ከስትሪፕ ቀለል ይላል። ሜይን ጎዳና ላይ የከተማው ወጣት የሚውልባቸው ቡና ቤቶችና ምግብ ቤቶች አሉ።

ደረጃ 4፦ የመንገዱን ሒሳብ ከምግቡ ጋር ደምሩት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 12 ዶላር ለማትረፍ ደርሶ መልስ 35 ዶላር የኡበር ከፍሎ ይመጣል። ደንቡ ቀላል ነው፦ ብቻችሁን ከሆናችሁ አውቶብስ፣ ሦስትና አራት ከሆናችሁ ኡበር፣ ሊፍት (እንደ ኡበር ያለ የመኪና መጥሪያ) ወይም ታክሲ።

አውቶብስ 202 በፍላሚንጎ፣ 203 ደግሞ በስፕሪንግ ማውንቴን በኩል ወደ ምዕራብ ይሄዳሉ። ሁለቱም ስትሪፕን ስለሚያቋርጡ ከሆቴላችሁ ብዙ ሳትርቁ ትሳፈራላችሁ። ዱስ የሚባለው ባለ ሁለት ፎቅ አውቶብስ ግን ስትሪፕን ተከትሎ የሚሄድ ነው፤ ትኬቱም ከሰፈሮቹ መስመሮች ይወደዳል። መተግበሪያው ላይ የትኛውን ትኬት እንደምትገዙ አስተውሉ።

ኡበር ስትጠሩ ትርኢቶች የሚያልቁበትን ሰዓት አምልጡ። ከምሽቱ 4 እስከ 5 ሰዓት ገደማ በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጊዜ ስለሚወጣ ዋጋው ይሰቀላል። መኪናው የሚያነሳችሁ ቦታም ከሆቴሉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከኋላ፣ ብዙ ጊዜ ጋራዡ ውስጥ ነው። መኪናውን ከመጥራታችሁ በፊት ቦታው ድረስ ሂዱ፤ ካልደረሳችሁበት የማስጠበቂያ ትከፍላላችሁ።

ደረጃ 5፦ ስልካችሁ ላይ በትክክል ፈልጉ

«ምርጥ ምግብ ቤት ላስ ቬጋስ» ብላችሁ አትጻፉ። የሚወጣላችሁ ለማስታወቂያ የከፈለው ነው። ይልቅ፦

ሀ. ካርታውን በጣታችሁ ወደ ስፕሪንግ ማውንቴን ወይም ወደ ዲኬተር ወስዳችሁ እዚያው ላይ ቆማችሁ ፈልጉ። አለዚያ ስልኩ ያላችሁበትን ቦታ፣ ማለትም ስትሪፕን፣ ይዞ ነው የሚፈልገው።

ለ. አስተያየቶቹን በአዲስነት ቅደም ተከተል አድርጉ። በዚህ ከተማ ሼፍ ይቀያየራል፣ ባለቤት ይቀያየራል፤ የሦስት ዓመት ምስጋና ዛሬ አያበላም።

ሐ. ሰዎች ያነሱትን የሜኑ ፎቶ ክፈቱና የተለጠፈበትን ቀን እዩ። የቤቱ ድረ ገጽ ላይ ዋጋ ካልተጻፈ ሆን ተብሎ ነው።

መ. አስተያየቱ «ከሥራ ስወጣ» ወይም «በየሳምንቱ» ካለ የነዋሪ ነው። «ለልደቴ ወሰደኝ» የሚል ብቻ ከሆነ የእንግዳ ቤት ነው።

ደርሳችሁ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የጤና ቢሮውን ካርድ ፈልጉ። የደቡብ ኔቫዳ ጤና ዲስትሪክት እያንዳንዱን ማድቤት ፈትሾ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይሰጣል፤ ቤቱም ለሰው በሚታይ ቦታ የመለጠፍ ግዴታ አለበት። ከ0 እስከ 10 ነጥብ የተቀነሰበት ኤ ነው። ሲ ካያችሁ ውጡ። ስትሪፕ ላይ ያለ ውድ ቤትም፣ መንገድ ዳር ያለ ባለ ስድስት ጠረጴዛ ቤትም የሚመዘኑት በአንድ ሚዛን ነው፤ ስለዚህ የግቢውን ማርጀት ትታችሁ ካርዱን እመኑ።

ደረጃ 6፦ የነዋሪዎቹን ካዚኖዎች ተጠቀሙ

ከስትሪፕ ውጭ ያሉ ካዚኖዎች፣ ለምሳሌ ጎልድ ኮስት፣ ኦርሊንስና ሳውዝ ፖይንት፣ የሚኖሩት በከተማው ሰው ነው። ምግቡን ቀለል ባለ ዋጋ የሚያቀርቡት ሰው ገብቶ እንዲጫወት ነው፤ ትርፋቸው ከማሽኑ ነው። በልታችሁ ከወጣችሁ ያተረፋችሁት እናንተ ናችሁ። ከስትሪፕ ጀርባ፣ ኮቫል መንገድ ላይ ያለው ኤሊስ አይላንድ በእግር የሚደረስ ሲሆን በስቴክ ቅናሹ የታወቀ ነው።

እንደነዚህ ባሉ ቤቶች ዝቅተኛውን ዋጋ ለማግኘት ብዙ ጊዜ የአባልነት ካርድ ይጠየቃል። ካርዱ በነፃ ነው፤ መታወቂያ ይዛችሁ ወደ መስኮቱ ሂዱ፣ ዕድሜ ግን 21 መሙላት አለበት። መጫወት ግዴታ አይደለም። ቁማር የማይወድ ሰው ካርዱን ለማውጣት ሲሸማቀቅ አይቻለሁ፤ ሠራተኛዋ ግን በቀን ብዙ እንዲህ ዓይነት ሰው ታስተናግዳለች።

ከልጆች ጋር ከሆናችሁ በማሽኖቹ መካከል አልፋችሁ ወደ ምግብ ቤቱ መሄድ ትችላላችሁ፤ ቆማችሁ ማየት ግን አይፈቀድም።

ደረጃ 7፦ ሰው ጠይቁ፣ ግን አጠያየቁን እወቁበት

በዚህ ከተማ ታክሲ ከሚነዱት መካከል ሐበሻው ብዙ ነው። «የት ብንሄድ ይሻላል?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ ለእንግዳ የሚነገረውን መልስ ታገኛላችሁ። ለሹፌር ኮሚሽን የሚከፍሉ የመዝናኛ ቤቶችም አሉ። ይልቅ፣ «ወንድሜ፣ አንተ ራስህ ምሳህን የት ነው የምትበላው?»፣ በዕድሜ ከፍ ካሉም «ጋሼ፣ እርስዎ የት ነው የሚበሉት?» በሉ። ሹፌር በአሥራ ሁለት ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ገንዘቡንም ጊዜውንም አያባክንም፤ መኪና ማቆሚያ ያለው፣ ቶሎ የሚቀርብ፣ የሚያጠግብ ቤት ያውቃል። ሆቴል ውስጥም የእንግዳ ማስተናገጃውን ትታችሁ ሻንጣ የሚያነሳውን ልጅ ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ከስትሪፕ መውጣት ካልቻላችሁ

ሁለት ሰዓት ብቻ ካላችሁ ወይም ፀሐዩ ከ40 ዲግሪ በላይ ከሆነ አትውጡ። እዚያው ውስጥ አስተናጋጅ የሌላቸውን ቦታዎች ፈልጉ፤ ከ18 እስከ 20 በመቶ የሚሆነውን ቲፕ ታተርፋላችሁ። ከሆቴሎቹ መካከል ኮስሞፖሊታን ውስጥ ብሎክ 16፣ ኤሪያ ውስጥ ፕሮፐር ኢትስ፣ ፓርክ ኤምጂኤም ውስጥ ኢታሊ አሉ። ኮስሞፖሊታን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ምልክት የሌለው ጠባብ ኮሪደር ውስጥ በቁራጭ የሚሸጥ ፒዛ ቤት አለ፤ ሰልፉን አይታችሁ ታገኙታላችሁ። መንገዱ ላይ ታኮስ ኤል ጎርዶ የሚባል የታኮ ቤት፣ ሊንክ ሆቴል ጋ ደግሞ ኢን-ኤን-አውት የሚባል የበርገር ቤት አለ።

ቡፌ? ባክናል የሚባለው የሲዛርስ ፓላስ ቡፌ እራት በሰው ከ80 ዶላር በላይ ነው፣ መቀመጫውም በጊዜ የተገደበ ነው። የሚያዋጣው የቀኑ ብቸኛ ምግባችሁ ካደረጋችሁት ብቻ ነው። ከሄዳችሁ ዳቦና ፓስታ ይለፋችሁ፤ ክራቡና የተጠበሰው ሥጋ ጋ ሂዱ፣ ዋጋው ያለው እዚያ ነው።

ደረጃ 9፦ ፆም ከሆነ

«ቬጀቴሪያን» አትበሉ፤ ዕንቁላልና አይብ ይመጣላችኋል። «ቪጋን» በሉ፣ የኛን ፆም የሚገልጸው ቃል እሱ ነው። ዊንና ኢንኮር ሆቴሎች ውስጥ ያሉ ምግብ ቤቶች ቪጋን ምግብ ስላላቸው ከውድ ቤት መብላት ካለባችሁ እዚያ አትቸገሩም። ቻይናታውን ውስጥ ቶፉ ሞልቷል፣ ሾርባው ግን ከአጥንት የተፈላ፣ ወጡም የዓሣ ሶስ የገባበት ሊሆን ስለሚችል ለይታችሁ ጠይቁ። የሜክሲኮ ባቄላም በአሳማ ስብ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ይህን ሁሉ መጠየቅ ከሰለቻችሁ ዲኬተር አካባቢ በያይነቱ አለላችሁ፤ ረቡዕና አርብ እስኪደርስ መጠበቅም አያስፈልግም።

ደረጃ 10፦ ሒሳቡን ሳትፈርሙ አንብቡ

ስድስት ወይም ስምንት ሰው ሆናችሁ ከገባችሁ ቤቱ ቲፑን ራሱ ሊጨምር ይችላል። «ግራቱቲ» ወይም «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል መስመር ፈልጉ። ካለ፣ ከታች ያለውን የቲፕ ባዶ ቦታ መሙላት የለባችሁም። የአጎቴ ልጅ ስትሪፕ ላይ ዘመድ ሰብስቦ እራት ጋብዞ 80 ዶላር ተጨምሮበት ሳለ ሌላ 80 ጽፎ ፈረመ። ያወቀው በማግስቱ ደረሰኙን ሳየው ነው። ስክሪን ካቀረቡላችሁም «18፣ 20፣ 25» ከሚሉት ቁልፎች ሌላ ራሳችሁ የምትጽፉበት ቁልፍ አለ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- «ያ ሆቴል ቅርብ ነው» ብሎ በእግር መነሳት። ሕንፃዎቹ ትልቅ ስለሆኑ የሚቀርቡ ይመስላሉ። ከፊታችሁ የሚታየው ሕንፃ ግማሽ ሰዓት ሊያስኬዳችሁ ይችላል፤ የራበው ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ያገኘውን ይገዛል።
- ርቦ መፈለግ። የመጀመሪያውን ቀን ምግብ ከአውሮፕላን ሳትወርዱ ወስኑ።
- ቁርስን ሆቴል ውስጥ መብላት። ለአንድ ኦምሌትና ቡና የምትከፍሉት ከሱፐርማርኬት የሦስት ቀን ቁርስ ይገዛል።

ማስጠንቀቂያ

መንገድ ላይ «ነፃ እራት» ወይም የቡፌ ኩፖን የሚሰጥ ሰው ካስቆማችሁ ታይምሼር፣ ማለትም በዓመት ለጥቂት ጊዜ የሚጠቀሙበት የመዝናኛ ቤት ድርሻ፣ የሚሸጥ ነው። ኩፖኑን የምታገኙት የሽያጭ ገለጻ ተቀምጣችሁ ከሰማችሁ በኋላ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ይባላል፣ ግን ይረዝማል፤ አለመፈረም ደግሞ ከባድ ነው። ማሽን ላይ ለተቀመጠ ሰው የሚመጣው ነፃ መጠጥም እንዲሁ ነው፤ እስኪመጣ ድረስ ማሽኑ የሚበላውን አስሉ።

የክፍሉን ፍሪጅ ደግሞ አትንኩ። በብዙ ሆቴሎች ሚኒባሩ ውስጥ ጠርሙስ ሲነሳ የሚያውቅ መሣሪያ አለ፤ ከፍ አድርጋችሁ ብትመልሱትም ሒሳብ ላይ ሊወጣ ይችላል። አክስቴ የተረፈ እንጀራና ወጥ ለማስገባት ጠርሙሶቹን አንድ ባንድ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ነበር። ስትወጣ የሰጧት ሒሳብ ከእራቱ ይበልጥ ነበር። እንዲህ ከደረሰባችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ወደ መስተንግዶው ደውሉ፤ ጠርሙሶቹ እንዳልተከፈቱ አይተው ሊሰርዙት ይችላሉ። የተረፈ ምግብ የምታስቀምጡበት ካስፈለጋችሁ ሌላ ባዶ ፍሪጅ እንዲያመጡላችሁ ጠይቁ፣ የሚያስከፍሉ ከሆነም ስንት እንደሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። የምግብ ማሞቂያ ግን አብዛኞቹ ክፍሎች ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ስታስጠቀልሉ ቀዝቅዞም የሚበላውን አስጠቅልሉ።